ለብቻዋ የተሰቀለች ድስት

በእኛ ሰፈር ሁለት ሰዎች ሕግና ልማዳቸው ሳይገጥም ወዳጅነታቸው የጠና እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ስለ ድስት አንዲት ነገር ይናገራሉ። ልጆቹ አባባሏ ከጎንደር ከጓዛችን ጋር የመጣች ይመስላቸዋል። እንዲያ አይደለም። የተወለደችው እዚሁ ቴል አቪቭ፣ አባ ቢያድግልኝ በኖሩበት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሳቸው ባረፉ በአራተኛው ቀን።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ባለቤታቸው እማማ ስንቅነሽ ከሞቱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ እህል ከአባ ቢያድግልኝ ሸሸ። ልጃቸው ይታይሽ ያቀረበችላቸውን ሁሉ በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው “እግዜር ይስጥልኝ” ብለው ይመልሱታል። ሐኪሙ፣ አባትሽ ካልበሉ የሚውጡት መድኃኒት ራሱ ይጎዳቸዋል ብሏታል። እሷ ደግሞ ሌላ የሚያንገበግባት ነገር ነበራት። እናቷ በመጨረሻው ዓመት ኢየሩሳሌምን አንዴ ልያት ብለዋት፣ ከበዓሉ በኋላ እወስድዎታለሁ ብላ ነበር። በዓሉ አለፈ፤ እናቷም አለፉ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከአባቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ምን ቢያገኙ እንደሚበሉ ጠየቀቻቸው።

“የሊቁን ዶሮ” አሉ አባ ቢያድግልኝ፣ እንደ ማፈር ብለው።

ይታይሽ በልጅነቷ ስለ ሊቁ ስትሰማ ዶሮ መሥራት የሚችል የተማረ ካህን ይመስላት ነበር። ሰውየው ግን ቻይና ነው። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ከወረታ ወልዲያ የሚዘልቀውን መንገድ ሲሠሩ፣ ወጣቱ ቢያድግልኝ ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። የመንገድ ሠሪዎቹ ሰፈር ወጥ ቤት ሊ ኩ ይባላል። ስሙ ለሠራተኛው አፍ ባይመች ሊቁ አሉት፤ ሊቁ ሆኖ ቀረ።

ቢያድግልኝ ቤተ እስራኤል ነውና ሌላ ሰው ያረደውን አይበላም፤ ከሌላ ሰው ድስትም አይቀምስም። ቀኑን ሙሉ ቆሎውን ይዞ ለብቻው ይቀመጣል። ሠራተኞቹም በበኩላቸው የሱን የውሃ ጣሳ ለብቻዋ ሚስማር ላይ ሰቀሏት። “ይቺ የቡዳው ናት፣ እንዳትሳሳቱ” ይባባላሉ፣ እሱ እየሰማ። ሊቁ መጀመሪያ ምግቡን የናቀበት መስሎት ተቀይሞ ነበር። በኋላ በምልክትም በአስተርጓሚም ጠይቆ ሕግ መሆኑን ሲረዳ፣ ከገበያ አዲስ የሸክላ ድስት ገዝቶ መጣ፤ በገመድ አስሮም ከሌሎቹ ዕቃዎች ርቃ ለብቻዋ ሰቀላት። ቢያድግልኝ ከቤቱ በሥርዓቱ የታረደ ዶሮ ይዞ የመጣ ቀን፣ ሊቁ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከእሳቱ ማዶ ቆመ። ድስቷን አልነካም። ዝንጅብሉ መቼ እንደሚገባ፣ ነጭ ሽንኩርቱ መቼ እንደሚከተል፣ ድስቷ መቼ እንደምትወጣ በአገጩ እየጠቆመ ቢያድግልኝን ራሱን አሠራው። ሁለት ዓመት እንዲህ በሉ።

“በዚያ ሰፈር ሁለት ዕቃ ለብቻ ተሰቅሎልኝ ነበር” ይሉ ነበር አባ ቢያድግልኝ። “ጣሳዬን ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ድስቴን ባየሁ ቁጥር ቀና እላለሁ።”

ይታይሽ በማግስቱ ዝንጅብል ገዝታ ሞከረች። አባቷ ቀመሱና ሳቅ አሉ። ዝንጅብሉ መጥቷል፣ ሊቁ ግን አልመጣም አሏት። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም እሳቸውም ረስተውታል።

በዚያች ትልቅ ከተማ የቻይና ምግብ ቤት ሞልቷል። ኮሸር የሆነ፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ የተዘጋጀ ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ይታይሽ ከሥራ መልስ አንዱን መንገድ ዛሬ፣ ሌላውን ነገ እያለች አዳረሰችው። ባንዱ ቤት ገና ከበሩ የአሳማ ሥጋ ሥዕል ተቀበላት። በሌላው የኮሸር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ጠጋ ብላ ብታነበው ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሦስተኛው ቤት አስተናጋጁ፣ ዶሮው ኮሸር ነው፣ ድስቱን ግን አትጠይቂኝ አላት። ስድስት ሳምንት ፈለገች። አባቷ በዚያ ስድስት ሳምንት ቀበቷቸውን ሁለት ቀዳዳ አጠበቁ።

በመጨረሻ ባሕሩ አጠገብ አንድ ጠባብ ቤት አገኘች። ወረቀቱ አዲስ፣ የኮሸሩ ተቆጣጣሪ ከምድጃው ዓይኑን የማይነቅል፣ ወጥ ቤቱም ከቻይና የመጣ፣ ዌይ የሚባል ሰው። ሐሙስ ዕለት አባቷን ነጭ ኩታቸውን አልብሳ ወሰደቻቸው። ሳህኑ ቀረበ። አባ ቢያድግልኝ የዝንጅብሉ ሽታ ሲደርሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ያረደው ማን ነው?” አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ያኔ ነው ይታይሽ ድርቅ ያለችው። በቤታቸው ሥጋ የሚባል ነገር ሁሉ የሚመጣው ከራሳቸው ከቤተ እስራኤል ካህን፣ ከቄስ ዋሴ ቢላዋ ነበር። አርባ ዓመት እዚህ አገር ሲኖሩ ሌላ ሰው ያረደውን በልተው አያውቁም። እሷ ግን ስድስት ሳምንት ወረቀት ስታነብ ይህን አንዱን ነገር ረሳችው። አባቷ አልተቆጡም። ለእነሱ ንጹሕ ነው፣ አልናቅሁትም፣ አደራ እንዳይከፋቸው ንገሪልኝ ብለው ሳህኑን በቀስታ ገፋ አደረጉት።

ይታይሽ ተነሥታ ወደ ተቆጣጣሪው ሄደች። አብነር ይባላል፤ ጢሙ የሸበተ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ነገ ቄሳችን ያረዱትን ዶሮ ባመጣ ትሠሩልኛላችሁ ወይ አለችው። አይሆንም፤ እኔ የማላውቀው ሥጋ እዚህ ምድጃ ላይ ከወጣ ያ ወረቀት ከግድግዳው ይወርዳል አላት።

“የቄሳችን ቢላዋ ርኩስ ነው?” አለች ይታይሽ።

“አባትሽም እኮ የእኔን አልበሉም” አላት አብነር። “እኔ ተሰደብሁ አላልሁም።”

ይታይሽ ወደ አባቷ ዞር ብትል ወጥ ቤቱ ዌይ ከጓዳው ወጥቶ ያልተነካውን ሳህን ያያል፤ ፊቱ ቅጭም ብሏል። አባ ቢያድግልኝ አዩት። ያ የጥንቱ ቅያሜ በሌላ ሰው ፊት ላይ ተመልሶ መጣባቸው። ከአርባ ዓመት በላይ ካፋቸው ያልወጣ አንድ ቃል ፈልገው አገኙ።

“ቺፋን” አሉት። ሊቁ ሠራተኛውን ለምሳ ሲጠራ የሚላት ቃል ናት፤ ኑ ብሉ ማለት ነው።

ዌይ ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አባ ቢያድግልኝ በአማርኛ፣ ይታይሽ በዕብራይስጥ፣ ያልገባውን ደግሞ አብነር ቀለል እያደረገለት፣ የጣሳዋንና የድስቷን ነገር ከመነሻው ነገሩት። ሰምቶ ሲጨርስ ማክሰኞ ሥራ የለኝም አለ።

ማክሰኞ ከሰዓት ዌይና አብነር ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ከነመጠቅለያው ጎድጓዳ የብረት ድስት ይዘዋል፤ በሩ ላይ ለይታይሽ ሰጧት። እሷ ገልጣ አጠበችው። ቄስ ዋሴ ዶሮውን አምጥተዋል። ዌይ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመና፣ ማንም ሳይነግረው እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ። አባ ቢያድግልኝ ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ይታይሽ ሠራች። ዌይ በአገጩ ይጠቁማል፤ ስትቸኩል ምላሱን ጠቅ ያደርግባታል። ዝንጅብሉ ለካ መጀመሪያ ብቻውን ነበር የሚገባው፤ እሷ ከሽንኩርቱ ጋር ነበር የምትጨምረው። ማዕድ ሲቀርብ አብነር፣ እሱም በበኩሉ የቄሱን እርድ አይበላምና፣ ብርቱካን ላጠ፤ ሌላ አልቀመሰም። ማንም ብላ አላለውም፤ እሱም ይቅርታ አልጠየቀም። አባ ቢያድግልኝ ግን አንድ ሳህን ጨረሱ። ከዚያ ጣታቸውን እየጠረጉ “ሊቁ መጣ” አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እንዲያ ሆነ። ድስቷ ለብቻዋ በሚስማር ተሰቀለች። አባ ቢያድግልኝ ክረምቱን አልፈው፣ ፋሲካን አክብረው፣ ከዚያ በሰላም አረፉ። ይታይሽ እናቷን ስታስብ የሚቆረቁራት ነገር አልለቀቃትም፤ አባቷን ስታስብ ግን ታለቅሳለች እንጂ አትጸጸትም።

የለቅሶው አራተኛ ቀን ማክሰኞ ላይ ዋለ። ዌይ መጣ። ከሐዘንተኛው ጋር ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ተነሥቶ እንደ ልማዱ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ይታይሽም ዓይኗን እየጠረገች ድስቷን ከሚስማሯ አወረደች። ከሩቅ ከተማ የመጡ አንዲት አክስት ይህን ሲያዩ ግራ ገባቸው።

“ይህ ሰው ምናችሁ ነው?” አሉ።

“ዘመዳችን ነው” አለች ይታይሽ።

“ድስታችሁን እንኳ አይነካ፣ ለብቻዋ ሰቅላችሁበት፤ ምን ዓይነት ዘመድ ነው?”

ቄስ ዋሴ ባዶዋን ሚስማር ትንሽ አዩና፣ የሟቹን ጣሳና የሟቹን ድስት አብረው እንደሚያስቡ ሰው ዝግ ብለው “አንቺ እመቤት፣ ጠብ የለየው ድስት ያራርቃል፤ ፍቅር የለየው ድስት ያዛምዳል” አሉ።