ጆሮዋን መንካት ያቃታት ልጅ

በእኛ አገር ልጅ ለትምህርት ሲመዘገብ የሚባል አንድ አባባል አለ። ብዙው ሰው ይለዋል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቅም። መጀመሪያ ሲባል እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ቆላው ሁለት ክረምት ዝናብ አጣ። ማሽላው ሳያሽት ደረቀ። ከብቱ አለቀ። ልጆች ተረፉ፤ አጥንታቸው ግን ሳይረዝም ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት ዘነበ። በመስከረም ቆለኞቹ ልጆቻቸውን ይዘው እኛ ደጋ ወዳለው ትምህርት ቤት ወጡ። ያኔ የልደት ወረቀት የሚባል የለም። ልጅ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል ይባላል፤ ካልነካ ይመለሳል።

የቆላ ልጆች ተራ በተራ ተመለሱ። በመጨረሻ የደብሪቱ ልጅ አስካል ቀረበች። ጣቷ ከጆሮዋ በላይ ቀረ።

“ለከርሞ አምጫት” አሉ መምህር ጌጡ።

“ለከርሞማ አክስቷ ልጅ ልታስይዛት ትወስዳታለች። ዘንድሮ ካልገባች ቀረች። ሰባት ዓመቷ ነው፣ መምህር።”

“ክንዷ አልደረሰም።”

“ክንዷ ምን ያድርግ፣ በማደጊያው ጊዜ የሚበላ አጥቶ።”

ቀጥሎ የሰፈራችን ልጅ ደምስ ገባ። ገና አምስት ዓመቱ ነው። ገብስ ጠግቦ ያደገ ስለሆነ ጆሮውን ጨብጦ ያዘ። ወዲያው “እማዬ ጋ እሄዳለሁ” ብሎ አለቀሰ። ሰው ሳቀ።

ከትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ጋር የተቀመጡት ሽማግሌ አባ ወርቄ አልሳቁም። “መምህር፣ ልጅ መድረሱን እኛ ቤት የምናየው ስንልከው ነው። እስቲ ሁለቱን ልላካቸው” አሉ።

ደምስን ጠርተው፣ “ዘበኛውን ‘አግዳሚ ወንበሩን አምጣ፤ ዝናብ መትቶት ከሆነ ተወው’ በለው” አሉት። ደምስ ሄደ፤ የዘበኛውን ዱላ ይዞ መጣ። አምሮት ነው። ያንኑ መልእክት ለአስካል ሰጧት።

ተመልሳ፣ “ርሷል፤ ሲደርቅ አመጣዋለሁ። እስከዚያ ዱላዬን መልሱልኝ ብሏል” አለች።

መምህሩ ዱላውን ከደምስ ተቀብለው ሰጧት፤ ስሟንም ጻፉ። የተመለሱት ልጆች ሳይርቁ ተጠሩ።

ደብሪቱ ግን አልተነቃነቀችም። ቆላው ሩቅ ነው፤ ልጅቷ የት ታድራለች?

“እኔ ቤት” አሉ አባ ወርቄ።

“ውለታዎን በምን እከፍላለሁ?”

“በውርጩ ዓመት ገብሳችን ሲቃጠል አባትሽ በአህያ ማሽላ ጭኖ አወጣልን። ልጆቼ በእሱ ተረፉ። እስከ ዛሬ አልመለስኩም። አፈር ሳይጫነኝ ልመልስ።”

አስካልን ወደ ጎናቸው አስጠጓት። መምህሩ በር ላይ የተኮለኮሉትን ልጆች እያዩ፣ “እነዚህንስ በምን ልለያቸው?” ሲሉ አባ ወርቄ መለሱላቸው፦ “ልጅ ሲላክ እንጂ ሲለካ አይታወቅም።”