ከማድ ቤት ቆጥ የተሠራ ሳጥን

አንድ አናጢ ነበረ። ቆይ ጥላዬ፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። «በሐሰት መስክሮ ያሳሰረኝ ሰውዬ ልጄን ለልጁ ሊያጭ ነው። እሷ ታሪኩን አታውቅም። ልንገራት ወይስ ይቅር?» ነው ያልከኝ። ታርቀናል፣ ጉዳዩም አልቋል ብለሃል። ከአስታራቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እናንተ ስትከራከሩ እኔ ነበርኩ የደከመኝ። እንግዲህ ዛሬ አንተ ዝም በልና እኔ ላውራ።

አንድ አናጢ ነበረ። አዲስ እንጨት አይወድም። ቤት ፈረሰ በተባለበት ሁሉ ይሄድና ሌላው ለማገዶ የሚያስበውን እንጨት በጣቱ እያንኳኳ፣ እያሸተተ፣ እየመረጠ ይሸከማል። ከዚያ ትንንሽ ሳጥንና በርጩማ ይሠራበታል። የሚስማሩን ቀዳዳ አይደፍንም፣ የመጥረቢያውን ምልክት አያጠፋም። ሰው ቆሻሻ ለቃሚ ይለው ነበር፤ ሳጥኑን ሲያይ ግን ዓይኑ እዚያው ይቀራል።

በዚያው አገር ሚስቱ ሞታበት ሁለት ሴት ልጆች ያሳደገ ሀብታም ነበረ። አሮጌውን ማድ ቤት ሲያፈርስ አናጢውን አስጠራና ከምድጃው በላይ የነበረውን ቆጥ አሳየው። ጣውላው ከጭሱ ብዛት ከሰል መስሏል። «ሚስቴ ዕድሜዋን የጨረሰችው ከዚህ ሥር ነው» አለው። «ትልቋ ልጄ ልታገባ ነው። የእናቷን ነጠላ የምታኖርበት ሳጥን ሥራልኝ። ግን ይሄ ጥቁረት እንዳይታየኝ፤ ሙሽራ ናት!»

«ጌታዬ፣ ብልገው ይጎዳል» አለ አናጢው።

ሀብታሙ አልሰማውም። አናጢውም መላጊያውን አንስቶ ላገው። ጣውላው ነጭ ሆነ፣ አብረቀረቀ፤ የሠርጉ ዕለት ሳጥኑን ያላደነቀ አልነበረም። ልጅቷ ወስዳ ከአልጋዋ ግርጌ አፈር ወለሉ ላይ አኖረችው። ክረምቱ ወጥቶ ስትከፍተው ምስጥ ከሥር ገብቶ ነጠላውን እንዳልነበረ አድርጎታል። ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። እናቷ ዳግመኛ የሞተች ያህል አለቀሰች።

ሀብታሙ እየጮኸ አናጢው ደጅ መጣ። አናጢው አልተከራከረውም። ከዚያው ቆጥ የተረፈውን ጣውላ አወጣና «ይህን ምስጥ የማይነካው ለዘመናት ጭስ ስለጠጣ ነው። ያስላጉኝ ያንን ጭስ ነበር» አለው።

«እንግዲያው የታናሿን እንደ ጠቆረ ሥራው!»

አናጢው የሀብታሙን የጋቢ ጫፍ ያዘና ጣውላው ላይ ፈተገው። ነጩ ጋቢ ጥላሸት ለበሰ። ሀብታሙ «አበድክ እንዴ ሰውዬ!» ብሎ ዘለለ። አናጢው ግን ሥራውን ቀጠለ። ውሃ አሞቀ፣ ጣውላውን በሳሙና አሸው፣ አጠበው፣ ደግሞ አጠበው። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ጠይም ሆኖ ቀረ፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ጭሱ ውስጡ አለ። ያን ጊዜ «ጋቢዎን ያምጡ» አለና በሌላው ጫፍ ፈተገው። ጋቢው እንደ ነጣ ወጣ።

«አሁን ልብስ ይቀመጥበታል» አለ አናጢው። ታናሿ ከዚያ ጣውላ በተሠራላት ሳጥን የእናቷን ቀሚስ አኖረች። ክረምት መጣ፣ ሄደም፤ ቀሚሱን ምንም አልነካው።

ጥላዬ፣ ያ ጣውላ የአንተ እስር ነው። ብትደብቃት ላግከው ማለት ነው። ለሠርጉ ቀን ያምራል። ኋላ ግን አንዷ ጎረቤት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላ ታወራላታለች፤ ያን ጊዜ ከሥር ይበላታል፣ ባሏንም አንተንም ማመን ያቅታታል። ስለዚህ ንገራት። የምትገባበትን ቤት አውቃ ትግባ፤ ካልፈለገችም ትተወው፣ ሕይወቱ የሷ ነው።

ግን ሳታጥበው እንዳትነግራት! ከነጥላሸቱ ካቀበልካት የምታጠቁረው የሷን ልብስ ነው። አንተ ስትታሰር ያ የሚያጫት ልጅ ገና ጡት አልጣለም ነበር። እሱ ምን አደረገህ?

«መታጠቡን በምን አውቃለሁ?» ትለኝ ይሆናል። ከመጣህ ጀምሮ «ሰውዬው» እያልክ ነው ያወራኸኝ። እስቲ ስሙን ጥራልኝ።

አዎ፣ እሸቴ። ሰማሁህ። ጥርስህን ነክሰህ ነው የጠራኸው፤ ገና ያጠቁራል። ሽማግሌ የሚልኩት ከበዓሉ በኋላ አይደል? እንግዲያው ጊዜ አለን። ዛሬ ምንም አትንገራት። ነገ ናና እንደገና ትጠራልኛለህ።