ጠላውና የኑክሌር ማመንጫው

አንድ ትልቅ ሹም በግንባታ ላይ ያለ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሊመረምር ወደ ገጠር ወረደ። ምርመራው ብዙም አልቆየም፤ ጭቃው ጫማውን እንዳያበላሽበት በመኪናው መስኮት አየና "ድንቅ ነው!" ብሎ የአገሩ ሰው ወደሚጠብቅበት ድንኳን አለፈ።

አንዲት ጠላ ጠማቂ ዋንጫ ሞልታ አቀረበችለት። ሹሙ ግን እጁን ሰበሰበ።

"ሳይቀምሱ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ? ደንቡ የታለ?"

ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ፣ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችለት። ሹሙም ጠጥቶ አፉን ጠረገና ተነሣ።

"ይህ ማመንጫ ዝንብ እንኳ አይጎዳም፤ እኔ ራሴ አረጋግጫለሁ። አጠገቡ ተረጋግታችሁ ኑሩ። አሁንም የሚፈራ ካለ እጁን ያውጣና ልየው!"

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ጠማቂዋ ብቻ እጇን አወጣች።

"አንቺን ደግሞ ምን ያስፈራሻል?"

"ኧረ እኔ አልፈራሁም ጌታዬ" አለች ዋንጫውን እየሞላችለት። "ደንቡን ስላስታወሱኝ ነው። ጠላውን እኔ ቀመስኩልዎ፤ ማመንጫውን ደግሞ እርስዎ ይቅመሱልን። አጥሩ ሥር የቤት ቦታ እንሰጥዎታለን፤ ልጆችዎን ይዘው ይምጡና አንድ ሃያ ዓመት ይኑሩበት። ከዚያ እኛም እንጠጣለን።"