ሽሮ በበዓለ ሃምሳ

ተረት ልንገራችሁ። «የላም በረት» ብላችሁ ግን አትመልሱልኝ፤ የዚህ ተረት ባለቤት የላም ነገር አትበላም። ሥጋ አትበላም፣ ቅቤ አትቀምስም፣ ወተት አትጠጣም፣ እንቁላል ካለበትም አትደርስም። ስሟ ካይሳ፣ አገሯ ፊንላንድ፣ ሙያዋ የከብት ሕክምና ነው።

ከጎንደር በታች ባለች አንዲት የገበያ ከተማ ስድስት ወር ልትሠራ መጣች። ስለ ምግቧ አልሰጋችም። በዐቢይ ጾም መጥቶ የነበረ አንድ ወዳጇ «እዚያ አገር ሰው ሁሉ እንዳንቺ ነው የሚበላው» ብሏታል። እውነቱን ነው። ካይሳ ግን የደረሰችው በፋሲካ ማግስት ነው! ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ፣ ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የሚባል ነገር የለም። ጎመኑ በሥጋ፣ ምስሩ በቅቤ፣ ሽሮው እንኳ ሳይቀር በቅቤ። ሁለት ሳምንት ዳቦና ሙዝ በላች። ሱሪዋ አልይዝ ብሎ በገመድ ታሰረ። ሥራዋን ብትወድም አልቻለችምና ሻንጣዋን ቆልፋ በቅዳሜው አውቶቡስ ልትመለስ ወሰነች። ሐሙስ ጠዋት ግን አንድ ነገር አማራት፤ አንድ ድስት ሽሮ፣ በዘይት ብቻ የተሠራ።

ምግብ ቤት ያላቸውን አከራይዋን እትዬ ጥሩዓለምን ለመነቻቸው።

«ምነው ልጄ፣ ሐዘን ደረሰብሽ? በሃምሳ ማን ይጾማል?»

«ጾም አይደለም እትዬ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።»

«ሁልጊዜ! ዓመቱን ሙሉ ሁዳዴ! እሺ፣ ዘይቴ ግን በጾሙ ተሟጧል። ባለሱቆቹም በሃምሳ ማን ይገዛናል ብለው አላስመጡም። ያለ ዘይት ሽሮ አልሠራም፤ ስም አለኝ። ዘይት አምጪና እሠራልሻለሁ።»

ዘይት ጠፋ፣ ሽሮው አልንተከተክ አለ፣ ካይሳም ተራበች።

ኑግ ጨማቂው ጋሽ ውባንተ ዘንድ ሄደች። ጋሽ ውባንተ መጭመቂያቸው ላይ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። «ኑግ አለኝ፣ መጭመቂያ አለኝ» አሉ። «መጭመቂያውን የምታዞረው ግመሌ ግን ይኸው ተኝታለች። እሷን አስነሺና እጨምቅልሻለሁ።»

ግመሏ አልዞር አለች፣ ኑጉ አልጨመቅ አለ፣ ሽሮው አልንተከተክ አለ፣ ካይሳም ተራበች።

ወደ ግመሏ ዞረች። ግመል ይናገራል ወይ የሚል ካለ፣ ሄዶ የጋሽ ውባንተን ግመል ይጠይቅ። «ሁዳዴን ሙሉ ለጾመኛ ስዞር የመጭመቂያው እንጨት ትከሻዬን ላጠኝ» አለች ግመሏ። ካይሳ ከኪሷ ቅባት አውጥታ ቀባቻት። «እግዜር ይስጥሽ። ቅባቱ ጥሩ ነው፤ እንጨቱ ግን ያው እንጨት ነው። ለስላሳ የትከሻ ትራስ ካላሰፋሽልኝ አልዞርም።»

ሸራ ሰፊው ሙጬ ጋ ሮጠች። ሙጬ ሰው ሲናደድ ማየት የሚወድ ሳቂታ ነው። «ለግመል ትራስ! ፍራሽና ብርድ ልብስስ አላዘዘችም?» ሲል ቀለደባት። ካይሳ አልሳቀችም፤ የተራበ ሰው ቀልድ አይገባውም። አዘነላትና ሸራውን እዚያው ሰፋው። «የምሞላው ጭድ ግን የለኝም። ጭድ አምጪና እሞላዋለሁ።»

ትራሱ አልሞላ አለ፣ ግመሏ አልዞር አለች፣ ኑጉ አልጨመቅ አለ፣ ሽሮው አልንተከተክ አለ፣ ካይሳም ተራበች።

ጭድ ያለው ወይዘሮ የሻረግ ዘንድ ነው፤ ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ አውድማቸው ከወንዙ ማዶ። ፀሐዩ አናቷን እየመታት ደረሰች። «ጭድማ ሞልቷል እህቴ» አሉ ወይዘሮ የሻረግ። «የሚጭነው አህያ ነው የቸገረኝ። ሦስት ቀኑ፣ አልነሳ ብሎ።»

አህያው አልነሳ አለ፣ ጭዱ አልመጣ አለ፣ ትራሱ አልሞላ አለ፣ ግመሏ አልዞር አለች፣ ኑጉ አልጨመቅ አለ፣ ሽሮው አልንተከተክ አለ፣ ካይሳም ተራበች።

«ምን ይሻልሃል?» አለችው አህያውን።

«ኮቴዬ ውስጥ የገባ ነገር አለ» አለ አህያው። «ሐኪም ካላየኝ አልነሳም።»

«ሐኪም ከየት ይመጣል?» አሉ ወይዘሮ የሻረግ በምሬት። «አንዲት የከብት ሐኪም መጥታ ነበር አሉ። ግን የሰው አገር ምግብ አልስማማ ብሏት በረሃብ ልትሄድብን ነው። ሆዷ ባዶ ሆኖ እንዴት ትሥራ? ለእሷ የሚሆን አንድ ድስት ሽሮ የሚሠራላት ሰው እንዴት ይጠፋል!»

ካይሳ አህያውን አየችው። አህያውም አያት። ሁለት ሳምንት ያልሳቀችው ልጅ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያስነባት ሳቀች።

«ሐኪሟ እኔ ነኝ» አለች። «ሽሮው እኔን እየጠበቀ ነው ለካ!»

ባዶ ሆዷን በገመዷ ጠበቅ አደረገችና ተንበረከከች። ኮቴውን ያዘች፣ ጠረገች፣ ዝገት የበላው ምስማር መዝዛ አወጣች፣ ቁስሉን አጥባ አሰረችው። አህያው አንድ እግሩን ሞከረ። ቀጥሎ ብድግ አለና አገር የሚያናጋ ማናፋት አናፋ።

ከዚያማ ማን ያቆመው! አህያው ተነሣ፣ ጭዱ መጣ፣ ትራሱ ሞላ፣ ግመሏ ዞረች፣ ኑጉ ተጨመቀ፣ ዘይቱ ተንቆረቆረ፣ የእትዬ ጥሩዓለም ድስት ተጣደ፣ ሽሮው ቱክ ቱክ አለ። ነገሩን የሰማ ሁሉ በራፉን ሞላው። ጋሽ ውባንተ፣ ሙጬ፣ ወይዘሮ የሻረግ፣ አህያውም አንገቱን በመስኮት አስገብቶ።

ታዲያ ልማድ ክፉ ነው። እትዬ ጥሩዓለም ድስቱን ሊያወጡ ሲሉ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ቅቤው ሄደ፤ ማንኪያው ሞልቶ ድስቱ አፍ ላይ ደረሰ።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች ካይሳ።

«ኧረ በማርያም!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ። «አህያው ተነሥቶ! ጭዱ መጥቶ! ትራሱ ሞልቶ! ግመሏ ዞራ! ኑጉ ተጨምቆ!»

እትዬ ጥሩዓለም ደንግጠው ማንኪያውን የት እንደሚያደርሱት ቢጠፋቸው በገዛ አፋቸው ከተቱት።

ካይሳ በላች። ሁለተኛ አስጨለፈች፣ ሦስተኛም፤ እንጀራው አልቆ ድስቱን በጣቷ ጠረገችው። እንባዋ እየወረደ «ጠገብኩ» አለች፣ በራፉም በእልልታ ቀለጠ።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ። ማንም አልወጣለትም። ሐኪሟ ሻንጣዋን ፈትታ መድኃኒቷን ደርድራለች፣ በደጇም ከብት ተሰልፏል።

ተረቴን መልሱ። አፌን ግን በዳቦ አታብሱ፤ ዳቦ ካይሳንም እኔንም ሰልችቶናል። በሽሮ ይሁን።