ለአያቶች የጠበበው ሳጥን

ተረትና ምሳሌው የእኛ ብቻ አይደለም፤ እህል በሚሰፈርበት አገር ሁሉ ይተረታል። በእኛ ከተማ ግን አንድ ሰው በጀመረው ቁጥር ሰሚው ወደ ድምፅ ቤቱ ዞር ብሎ ፈገግ ይላል። እህል ትዝ ብሎት አይደለም፤ ናሁሰናይ ትዝ ብሎት ነው።

ድምፅ ቤት የምንለው ጉም በማይለየው ኮረብታ ላይ ያለውን አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ላይ የድሮ ቁና ተሰቅሎበታል። እህሉ ካለቀ ወዲህ የሚከማችበት የሽማግሌዎች ድምፅ ሆነ። በእኛ ዘንድ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ቆጣሪዎቹ ሽማግሌዎች ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ስለዚህ ድምፃቸው እየተቀዳ በፍላሽ ከየገጠሩ ይመጣል። ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከኮምፒውተሩ የሞተ ሰው «እገሌ እገሌን ወለደ» ሲል፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው ሕያዋኑን ከሙታኑ መለየት ያቅተዋል።

ናሁሰናይ የዚህ ቤት ባለሙያ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ችግሩ ጎበዝነቱን እሱም ማወቁ ነው። አንድ ጊዜ ከፍላሽ የገባ ቫይረስ ብዙ ድምፅ ስለበላ፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ «ሳጥን» ያለውን ፕሮግራም ሠራ። የመጣው ፋይል ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ይከፈታል፤ ተንኮል ቢኖረው እዚያው ይቀራል እንጂ ወደ ሌላው አይሻገርም። ከሳጥኑ ውጭ መክፈት ክልክል ሆነ። ለፋይሉ አድራሻ ግን ከዚህ አይረዝምም ብሎ ቁርጥ ያለ ልክ መደበለት። አድራሻው ደግሞ የትውልድ ሐረጉ ራሱ ነው፤ በቅድመ አያት ማህደር ውስጥ አያት፣ በአያት ውስጥ አባት፣ በአባት ውስጥ ልጅ ይቀመጣል፤ ልጁን ለመክፈት ሁሉንም መጥራት ግድ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በማሽኑ ሆድ የሦስት የላቲን ፊደል ቦታ እንደሚይዝ ናሁሰናይ ያውቃል። ሲሞክረው ግን በላቲን በተጻፉ አጫጭር ስሞች ሞከረውና ደህና ነው ብሎ ተወው።

አንድ ጠዋት ጋሽ ዘለለው የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ጉም አርሶት ከገጠር መጡ። የሟች ወንድማቸውን ድምፅ ሊሰሙ ነው። ናሁሰናይ ፍላሹን ሰካ፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ወዲያው ድርግም አለ።

«ምን ነካው ልጄ?»

«አያቶችዎ በዙበት ጋሼ። ሲሞላ ይወድቃል። ረዘም ረዘም ያሉትን ሁለቱን ብንቀንስ ይከፈታል።»

«ወልደ ገብርኤልን ቀንሼ ከማን ልወለድ ነው?»

«ለማሽኑ እኮ ነው ጋሼ።»

«ሳጥኑን ሰፋ ብታደርገውስ?»

«ልኩ ተቆርጧል። ለሁሉም አንድ ነው።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ።»

«የራስህን አያቶች ለክተህበታል?»

ናሁሰናይ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። «እኔስ ዘሬን አልረሳሁም፤ የናፈቀኝ ድምፁ ነው» አሉና፣ ፍላሹን እዚያው ትተው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁና አየት አድርገው ወደ ጉሙ ገቡ። ያን ያህል መንገድ መጥቶ በባዶ ጆሮ መመለስ ያንገበግባል። ናሁሰናይ ግን ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ረሳው።

ዓመቱ ዞረና ፍቅር ያዘው። ሐረገወይን ትባላለች፤ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ሽማግሌ ላከ። መልሱ «ልጃችንን አንነፍግም፤ ብቻ ሰባት ቤቱ ይቆጠር» የሚል ነበር። ናሁሰናይ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞቷል፤ ዘሩን የሚቆጥርለት ሕያው ሰው የለውም። ያለው የአያቱ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱንም እናቱ አገር ቤት በፍላሽ አስቀምጣዋለች።

«እንግዲያው እኛው መጥተን እንሰማዋለን» አሉ የልጅቷ ወገኖች።

ፍላሹ ከእናቱ ዘንድ የደረሰው በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ነው። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና ከሁሉ ፊት ጋሽ ዘለለው ገቡ። ለካ የሐረገወይን አያት እሳቸው ናቸው! ናሁሰናይ ፍላሹን ሰካ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ድርግም አለ። ደገመው፤ አሁንም ድርግም።

«አያቶችህ በዙበት?» አሉ ጋሽ ዘለለው ቀስ ብለው። «ረዘም ረዘም ያሉትን ሁለቱን ብንቀንስስ?»

ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። ሁለቱ ከተቀነሱ የሚቀረው አምስት ቤት ነው፤ በአምስት ቤት ደግሞ ሐረገወይን አትሰጥም። «ጥቂት ጊዜ ስጡኝ» አለ።

«ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንጠብቅሃለን» አሉትና ከግቢው ጥድ ሥር ሄደው ተቀመጡ።

የመጀመሪያ ሐሳቡ ልኩን ለራሱ አያቶች እስኪበቃ ብቻ ከፍ ማድረግ ነበር። ጣቱን ቁልፎቹ ላይ እንዳሳረፈ ግን ጉሙ በመስኮት ገባ፤ ዓይኑም ከበደው። በጉሙ ውስጥ ሰዎች ተሰልፈው ሲመጡ አየ፤ እያንዳንዱ የፊተኛውን የጋቢ ጫፍ ይዟል። ከፊት አያቱ ናቸው። አንዲት ጠባብ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ጎንበስ አሉ፤ አልሆነም። በጎን ሞከሩ፤ አልሆነም። «በሩን የሠራው የቤቱ ልጅ ነው አሉ» አለ አንዱ ከኋላ። አልተቆጣም፤ ድምፁ ከሩቅ እንደሚሰማ ውሃ ነበር። ናሁሰናይ አያቶቹን ብቻ ሊያስገባ በሩን ገፋ ሲያደርግ ከእነሱ ኋላ ሌላ ሰልፍ ታየው፤ መጨረሻውን ጉም ውጦታል። በዚያ ሰልፍ ራስ ጋሽ ዘለለውን የሚመስል ሰው ቆሟል። ዓመት ሙሉ እዚያው የቆመ ይመስል ነበር።

ብንን ሲል ጉንጩ ረጥቧል። የተቆረጠውን ልክ ከፍ አላደረገም፤ ጭራሹን አጠፋው። በምትኩ ሳጥኑ አስቀድሞ የመጣውን አድራሻ እንዲለካ፣ ከዚያ የመጣውን የሚያህል ቦታ እንዲከፍት አድርጎ ጻፈው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅም ሽማግሌዎቹን ጠራ። የራሱን ፍላሽ ግን አልሰካም፤ መሳቢያውን ሳበ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። መጀመሪያ የወንድምዎን እንስማ።»

ሳጥኑ ተከፈተ። አልወደቀም። መጀመሪያ የሽማግሌ ሳል ተሰማ፤ ቀጥሎ «ከወልደ ገብርኤል ልጀምር…» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ጋሽ ዘለለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ከዚያ የናሁሰናይ አያት ተራ ሆነ። ሰባቱም አንድ ሳይጎድሉ ተጠሩ፤ ከሐረገወይን ዘር ጋር የሚገጥም ስምም አልተገኘም። ከልጅቷ ወገኖች ጋር መጥተው ደጅ የነበሩት ሴቶች እልል አሉ።

ናሁሰናይ የሽማግሌውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ጋሽ ዘለለው ግን ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉትና ያንን አሮጌ ቁና ከግድግዳው አውርደው እጁ ላይ አኖሩለት። እንባቸው ገና አልደረቀም፤ ፊታቸው ግን ይስቅ ነበር።

«ልጃችንን ሰጥተንሃል» አሉት። «ይኸን ደግሞ ከእኔ ያዝ፤ ልጆችህ ምንድነው ብለው ሲጠይቁህ ንገራቸው፦ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም።»