ጎተራው የሞላው ፈረስ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ፣ የዛሬው እንኳ ከፈረስ በረት ነው።

በአንድ አገር በጉንዳኖች መንደር መሀል የሚያልፍ መንገድ ነበር። የጉንዳን ልጆች በኮቴ ሥር እንዳያልቁ፣ እዚያ የጋለበ አንድ እፍኝ ገብስ ይቀጣል። ጎተራው እስከ አፉ የሞላው ፈረስ ግን ጠዋት ጠዋት እፍኙን ለዳኛዋ ለኤሊ ወርወር እያደረገ ይጋልብ ነበር። ምስኪኗ አህያ አንድ ቀን ብትሮጥ እፍኟን ከፍላ ጦሟን አደረች።

ኤሊ ይህን አይታ፣ «ከእንግዲህ የሮጠ ሁሉ ካለው ከአሥር አንዱን ይከፍላል» ብላ ደነገገች።

ፈረስ ስቆ በማግስቱ ጋለበ፤ ተያዘም።

«ከወንዙ ማዶ እኮ እንደ ልብ ይጋለባል!» ብሎ ጮኸ።

«ማዶ ስትሄድ እንደ ማዶ ጋልብ» አለችው ኤሊ ረጋ ብላ።

በአገሩ ልማድ ከእፍኝ ያለፈ ቅጣትን ከጎተራ አውጥቶ የሚወስደው ተበዳዩ ራሱ ነው። ጉንዳኖቹ አንድ አንድ ፍሬ ተሸክመው፣ እየዘፈኑ፣ መንገዱን በሰልፍ ያቋርጡ ጀመር። ፈረስ ሊያልፍ መጥቶ ቆመ፤ አንዷን ቢረግጥ ሌላ ቅጣት ነው። ሳምንት አለፈ፤ ወር አለፈ። መቆሙን ለመደው፤ ሣር እየነጨ ዘፈናቸውን መስማትም ደስ ይለው ጀመር።

አንድ ጠዋት ግን ወደ አንዲት አሮጊት ጉንዳን ጠጋ አለና፣ «እማማ፣ ይህ ሰልፍ መቼ ነው የሚያልቀው?» ሲል ጠየቃት።

አሮጊቷ የተሸከመችውን ገብስ ሳታወርድ፣ «ምን ይደረግ ጌታዬ፤ ጎተራዎ ትልቅ ነው» አለችው።