ይታይሽና የወፍጮው ድምፅ

፦ ተረት ተረት።
፦ የላም በረት።
፦ በበረቱ ማን ተወለደ?
፦ መንታ ጥጃ።

እሰይ። እንዲህ ካላችሁ እኔም የመንታ ነገር አወጋችኋለሁ። ወንዶቹ ቀረብ በሉ፣ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

በድሮ ዘመን፣ ከወንዙ ማዶ ባለ መንደር፣ ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ባዘዘው ይባላል፣ እርሻውን የሚወድ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ይታይሽ ሁለቴ ፀንሳ ሁለቴም አስወርዷታል። ሐዘኑን በሆዷ ቀብራው ኖረች። በሦስተኛው ግን ሆዷ ቶሎ ገፋና እግሯ አበጠ፣ ወገቧንም ይቆርጣት ጀመር። ከዚያም አዋላጇን እትዬ ዝማምን አስጠራች።

እትዬ ዝማም ጆሮዋን ሆዷ ላይ ለጥፋ ብዙ ቆየች።

፦ ልጄ፣ የያዝሽው መንታ ነው። ማሕፀንሽ ደግሞ ደክሟል። ውሃ ከቀዳሽ፣ ከፈጨሽ፣ እንጨት ከተሸከምሽ እንደ ፊተኞቹ ይሄዱብሻል። በጎንሽ ተኝተሽ ጠብቂያቸው፣ አለቻት።
፦ እስከ መቼ?
፦ አደይ አበባ እስኪፈነዳ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።
፦ ከዚያስ ይተርፋሉ?
፦ እሱን ማርያም ታውቃለች። የአንቺ ድርሻ መተኛት ነው።
፦ እንግዲያው እተኛለሁ፣ አለች ይታይሽ።

ቀላል መሰላችሁ? ክረምት ነው፣ አረም ደርሷል፣ ሰው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ነው። እሷ መደብ ላይ ተኝታ ሳለች እንስራው ከጥግ ይጠራታል፦ ይታይሽ፣ አፌ ደረቀ፣ ወንዝ አውርጂኝ። እሷም ትመልሳለች፦ አንተ ብትሰነጠቅ ሸክላ ሠሪ ሌላ ትሠራለች፣ የእኔዎቹን ግን ማንም አይሠራልኝም። ወፍጮው ደግሞ ይላታል፦ ባልሽ ሊራብ ነው፣ ተነሺ። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ታለቅሳለች፣ ግን አትነሣም።

ጎረቤትማ ከእንስራው የባሰ ይናገራል። ስንቷ መንታ ይዛ ስትፈጭ ወለደች፣ የእሷ ምኑ ይለያል አሉ። አማቷ እማማ ደብሬ ውሃውን ትቀዳላት ነበር። ጉልበቷ ሲደክም ግን ነገሯ እየበዛ ሄደ።

ከዚያም ዱቄት አለቀ። በዚያ አገር ወንድ ወፍጮ ከነካ «ሴታሴት» ተብሎ ስሙ ይጠፋል፣ ለደቦም የሚጠራው የለም። ቢሆንም ባዘዘው አንድ ማለዳ በሩን ዘጋና ወፍጮው ካለበት መጋረጃ ጀርባ ተንበርክኮ መጁን ያዘ።

፦ ሰው ቢሰማህስ? አለችው ይታይሽ።
፦ ይስማ። የሚያየው የተዘጋ በር ነው።

መንደሩ ግን ሰማ። ወፍጮ ከጮኸ የምትፈጨው ሴት ናት፣ ሌላማ ማን ሊሆን? ይታይሽ ስታታልለን ከርማለች ተባለ። ወሬው እማማ ደብሬ ጆሮ ሲገባ አንገበገባት። በማግስቱ ማለዳ የወፍጮውን ድምፅ ሰምታ በሩን በርግዳ ገባች። ድምፁም ቀጥ አለ።

፦ ለሰው ዓይን መተኛት፣ ለብቻሽ መፍጨት፣ ይሄ ምን ይባላል? እንስራውን አንሺና ወንዝ ውረጂ፣ አለችና እጇን ይዛ ሳበቻት።

ይታይሽ የመደቡን ጠርዝ ጨበጠች። ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ብትናገር የባሏ ስም ይጠፋል፣ ብትነሣ ልጆቿ ይሄዳሉ።

፦ እማማ፣ ቢገድሉኝም አልነሣም። የፈጨሁት እኔ አይደለሁም።
፦ ታዲያ ጅብ ነው የፈጨው?

ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ወፍጮው ራሱ መለሰ። ግርር፣ ግርር አለ። ይታይሽ መደቡ ላይ ናት፣ ወፍጮው ይፈጫል። እማማ ደብሬ እጇን ለቀቀችና መጋረጃውን ገለጠች። ልጇ ተንበርክኳል፣ ጢሙም ቅንድቡም ዱቄት ለብሷል።

፦ እኔ ነኝ፣ አላት። ሁለት ጊዜ ባዶ እጃችንን ቀርተናል። አሁንስ ሴታሴት ልባል።

አሮጊቷ ጎንበስ ብላ ዱቄቱን በጣቷ አሸችው።

፦ ይሄ ሻካራ ነው፣ ለአራስ ገንፎ አይሆንም። በክንድህ ብቻ አትግፋ፣ በወገብህ ነው፣ አለችና አጠገቡ ተንበረከከች።

በሩንም ዳግም አላዘጋችውም። አላፊ አግዳሚው ሁሉ አየ። ሊስቅ የመጣ ነበር፣ ግን እማማ ደብሬ ዱላዋን ይዛ ደጃፍ ላይ ስለተቀመጠች ሳቁን ይዞ ተመለሰ። ወንዶቹ፣ እናንተም አትሳቁ።

አደይ ሲፈነዳ ምጥ መጣ። ሴቶቹ ማርያም ማርያም አሉ። ሴት ልጅ ተወለደች፣ ትንሽዬ ናት፣ ግን ጮኸች። እልል ሊሉ ሲሉ እትዬ ዝማም እጇን አነሣች። ሁለተኛው በእግሩ እየመጣ ነበር። ይታይሽ አቅሟ አልቋል።

፦ ክረምቱን ሙሉ የጠበቅሁትን ዛሬ አልለቅም፣ አለችና የአማቷን አንገት አቅፋ አማጠች።

ወንድ ልጅ ወጣ፣ ዝም አለ። እትዬ ዝማም ጀርባውን አሸችው፣ አሸችው። ከዚያም አለቀሰ። እልልታው ወንዙን ተሻገረ።

ገንፎው ከባዘዘው ዱቄት ተገነፋ። ይታይሽ ቀመሰችና፦ አሁንም ትንሽ ይሻክራል አለች። ጠርጋም በላችው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር የወፍጮ ድምፅ ሲሰማ፣ ማናት የምትፈጨው አይባልም። ማን ተኛች፣ ምን እናድርስላት ይባላል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በገንፎ አብሱ። ዱቄቱን ግን ወንዶቹ ፍጩልኝ።